ከላይ የመጡ ድንጋዮች

የድንጋይ ሐኪሟ ድንጋይ ስትልስ መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። በጓሯችን የውሃ በርሜል አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ከአባቴ የድንጋይ ክምር አንዱን አንሥታ፣ ልጅ ከረሜላ እንደሚቀምስ በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወደ ፀሐይ አዙራ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ ከአንገቷ በተንጠለጠለች ትንሽ ማጉያ መስታወት አየችው። እየሮጥኩ ወጥ ቤት ገባሁ።

"እማዬ! ተከራያችን አብዳለች!"

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። "ትበድ። ብቻ ጫማዋን ሳታራግፍ ቤት እንዳትገባ ንገሪያት።"

ሴትየዋ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት የላካት ባለሙያ ነበረች። አዲስ መንገድ ሊወጣ ስለነበር፣ መሬቱ ይችለው እንደሆነ ልታጠና መጥታ የጓሮ ክፍላችንን ተከራየች። ሙያዋ ረጅም ስም ነበረው፤ እኛ ልጆቹ ግን መዶሻ ይዛ ድንጋይ ስታንኳኳና ጆሮዋን ስታስጠጋ አይተን "የድንጋይ ሐኪሟ" አልናት። ስሙ ተጣበቀባት። አባቴ ሳይቀር "ሐኪሟ ገብታለች?" እያለ ይጠይቅ ጀመር።

አባቴ ግንበኛ ነበር። በከተማው እጁ ያልነካው ግንብ አልነበረም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ያኔ ግን እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሰፊ ትከሻ ነበረው። ከኪሱ የሲሚንቶ ብናኝ አይጠፋም። ትከሻው ላይ አድርጎ በመንገድ ሲወስደኝ፣ "ይሄ የኔ ነው፣ ያም የኔ ነው" እያለ የሰው ቤት ያሳየኛል። የሠራኋቸው ማለቱ እንደሆነ ሳላውቅ፣ ለብዙ ጊዜ የከተማው ባለቤት እኛ ነን ብዬ አምን ነበር። ያን ዓመት ደግሞ ለሰው መሥራቱን ትቶ፣ ከገደሉ ሥር ያለውን ቁልቁለት ገዝቶ፣ የራሱን ቤቶች እየሠራ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ቦታውን ሁሉም "አዲሱ ሰፈር" ይለዋል።

አዲሱ ሰፈር ቀድመው ከገቡት አንዷ የጓደኛዬ እናት ነበረች። ጓደኛዬን አንበጣ ነበር የምንላት፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አትችልም። አስተማሪያችን "ይቺን ልጅ ወንበሩ ላይ በሚስማር ምቱልኝ" ይሉ ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች። አባት አልነበራቸውም፤ መራመድ ያልጀመረ ወንድም ግን ነበራት። ሴትየዋ ለስንት ዓመት በሰው ቤት ተከራይታ፣ ያንን የልብስ ስፌት መኪና ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ስታጓጉዝ ኖራ፣ በመጨረሻ የራሷን ቁልፍ ያዘች። ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ ነበር የምታንጠለጥለው፤ ቤት ውስጥም ሆና።

ከድንጋይ ሐኪሟ ጋር የተወዳጀነው በዚያው በበርሜሉ አጠገብ ነው። ፍርሃቴ ሲለቀኝ ጠጋ ብዬ "እትዬ፣ ምን ምን ይላል?" አልኳት።

"ይሄኛው ምንም አይልም። ይሄን ደግሞ ቅመሺ።"

ነጣ ያለ ድንጋይ ሰጠችኝ። ቀመስኩት፤ ምላሴ ላይ ልጥፍ አለ።

"አየሽ? ይሄ ድሮ ጭቃ ነበር። ጭቃ የነበረ ምላስ ይይዛል። ያኛው ጥቁሩ ግን ከእሳት ነው የመጣው። ቀዳዳዎቹን ተመልከቺ፤ ቀልጦ ሲፈላ የወጣ አረፋ ነው።"

"ድንጋይ ይፈላል?"

"ፈልቶ ነው እንጂ እንዴት ቀዳዳ አወጣ?"

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የምሄደው እንደው ለወጉ ነው። ከሰዓት በኋላዬን ሁሉ ከእሷ ጋር ማሳለፍ ጀመርኩ። ድሙልሙል ድንጋይ በወንዝ ተንከባሎ የመጣ መሆኑን፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሆነ ደግሞ ከተሰበረበት ብዙ እንዳልራቀ አስተማረችኝ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ግራጫ ነገር፣ እኛ የድንጋይ ሽበት የምንለውን፣ በመስታወቷ አሳየችኝ፤ ትንሽዬ ደን ነው የሚመስለው። "ይሄ ብርሃን ይፈልጋል" አለችኝ። "ሁልጊዜ በፀሐይ በኩል ነው የሚበቅለው። ሽበቱን ከሥር ካገኘሽው፣ ድንጋዩ ተገልብጧል ማለት ነው።" እንደ ትልቅ ሰው ነበር የምታናግረኝ። የማላውቀውን ስጠይቃት አትስቅብኝም። አንድ ቀን መስታወቷን አንገቴ ላይ አጥልቃልኝ አየችኝና "ስሄድ ያንቺ ናት" አለችኝ። "ዐይንሽ ከእኔ ይሻላል።"

"መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ገና ነኝ። ሳልሰናበትሽ አልሄድም።"

አንድ ቅዳሜ ይዛኝ ወደ አዲሱ ሰፈር ወጣን። ከገደሉ ሥር ያለውን መሬት ማየት ፈልጋ ነበር። አንበጣ ከሩቅ አይታን እየዘለለች መጣች። ግቢያቸው ውስጥ ጥጃ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ እናቷ ያጠበችውን ልብስ ታሰጣበታለች። አባቴ "ዓለም ሲፈጠር የነበረ ነው፤ ማን ያነሣዋል" ብሎ ዙሪያውን ነበር አጥር ያጠረው። የድንጋይ ሐኪሟ ዞር ዞር ብላ አየችው፣ በመዶሻዋ ጫፍ ከሥሩ አፈሩን ጫር ጫር አደረገችና በደረቷ ተኝታ እጇን አስገባች።

"ሽበቱ ከሥር ነው" አለች።

"ተገልብጧል!" ብዬ ጮህኩ። ጎበዝ ተማሪ መሆኔን አንበጣ እንድታይልኝ ፈልጌ ነበር።

"ይሄ ድንጋይ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለም" አለች ተነሥታ አፈሯን እያራገፈች። እኔና አንበጣ በሳቅ ፈረስን። እሷ ግን አልሳቀችም። ከሥር ያለውን ነጭ አፈር ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፤ ከዚያ አንገቷን ቀልሳ ገደሉን ለረጅም ጊዜ አየችው። ገደሉ ጥቁር ነው፤ ልክ እንደ ድንጋዩ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው።

የአንበጣ እናት ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። "ግቡ እንጂ፣ ሻይ አለ" አለች። ከዚያ በኩራት ወደ ጓሮ ወሰደችን። ከቤቱ ጀርባ፣ ከነጩ አፈር ውስጥ፣ ቀጭን ውሃ ይፈልቃል። "ካለፈው ዝናብ ወዲህ ነው የጀመረ። ፈጣሪ በጓሮዬ ውሃ ሰጠኝ። ማን እንደኔ!"

የድንጋይ ሐኪሟ ውሃውን እያየች ፊቷ ልውጥ አለ። የራባት መሰለኝ። ሻዩንም ሳትጨርስ ተነሣች፤ ስንወርድ፣ እንዳልወድቅባት የፈራች ይመስል፣ እጄን አጥብቃ ይዛኝ ነበር።

ማምሻውን አባቴና እሷ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከመስኮቱ ሥር የቤት ሥራ እሠራ ነበር። ጆሮዬን አቆምኩ።

"ከላይ ያለው ይወርዳል" አለች።

አባቴ "እርግጠኛ ነሽ?" አላት።

"ከዚህ በፊት ወርዶ ያውቃል። ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሁን ደግሞ ሥሩ ርሷል፣ በስብሷል። ዝናቡ ከጠና ዘንድሮም ሊሆን ይችላል።"

"ላይሆንም ይችላል።"

"ላይሆንም ይችላል። ግን ሰዎቹ መነሣት አለባቸው።"

እኔ እርሳሴን አስቀመጥኩ። በእኛ ቤት "ከላይ ያለው" ማለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ አባቴ ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር ስለሚያመላልሰው ስሙን ሳይጠራ "ያ ከላይ ያለው" እያለ ነበር የሚረግመው። እንግዲህ እሱ ከሥልጣኑ ሊወርድ ነው፤ ሥሩ በስብሷል፤ ሕዝቡ ሊነሣበት ነው! ድንጋይ ትልሳለች ብለን የሳቅንባት ሴትዮ ለካ ይሄን ሁሉ ስታደራጅ ነው የከረመችው።

"ለሰዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ" አለ አባቴ። "አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ያስደነግጣቸዋል። እኔን ያምኑኛል።"

"ቃልህን ትሰጠኛለህ?"

"በልጄ ይሁንብኝ።"

ያኔ፣ በእኔ ስም ለትልቅ ነገር ቃል ሲገባ፣ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ሲገባ ከመስኮቱ ሥር አገኘኝ። "ምን ሰማሽ?"

"ምንም።"

አጠገቤ በርከክ አለና ጸጉሬን ዳበሰኝ። "የሰማሽውን ዋጪው፣ የኔ ልጅ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

ዋጥኩት። አባቴ ምስጢር ያካፈለኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

በዚያው ሰሞን መንደሩ ሌላ ወሬ ይዞ ነበር። የጥግ ሱቋ ባለቤት፣ እናቴ ስኳር ስትገዛ፣ እኔ እያለሁ "ተከራይሽና ባልሽ አብረው ድንጋይ ሲቆጥሩ ይውላሉ አሉ፤ ምነው፣ አንቺ ቤት ድንጋይ ጠፋ እንዴ?" አለቻት። እናቴ ሳቀች። ቤት ስትደርስ ግን የድስቱን ክዳን ወረወረችው። ማታ ከአባቴ ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ "ሰዎቹ" ሲባል፣ "ዝናብ" ሲባል፣ እናቴ "ወይኔ!" ስትል። እኔ ቅናት ነው አልኩ። ሴት በሌላ ሴት ስትቀና "ወይኔ" የምትል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የጓሮ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ፍራሹ ተጠቅሎ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። መዶሻዋ የለም። ቦት ጫማዋ የለም። ክፍሉ ውስጥ የቀረው የረጠበ ወለል ሽታ ብቻ ነበር።

"አባዬ፣ የት ሄደች?"

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዐይኑ ወደ ወጥ ቤት አመለከተኝ። "እናትሽ ናት የምታውቀው። ዝም በይ፤ እንዳትጠይቂያት፣ ይብስባታል።"

"ሳትሰናበተኝ?"

"ሰው እንደዚህ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"መስታወቱስ? ለኔ አልሰጠችህም?"

"የምን መስታወት?"

እናቴ ስትገባ "ሄደች? እኔን እንኳ ደህና ሁኚ ሳትለኝ?" ብላ ተገረመች። ሳያት፣ እንዴት አስመሳይ ናት አልኩ። ያን ቀን በሁለት ሴቶች ላይ ቂም ቋጠርኩ። አንዷ ዋሽታኛለች፤ ሌላዋ አባርራብኛለች።

ከዚያ በኋላ እናቴ አባቴን ሁለት ሦስት ጊዜ "ነገርካቸው?" ስትለው ሰምቻለሁ። በመጨረሻው "ነገርኳቸው" አላት። "እንቢ አሉ። ለመንኳቸው። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተውኳቸው።" እናቴ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። እኔም አዘንኩ። ሕዝቡ ለመነሣት ፈራ ማለት ነው፤ ያ ከላይ ያለው ሰውዬ ሳይወርድ ሊቀር ነው።

ከዚያ እሑድ አባቴ አዲሱ ሰፈር ይዞኝ ሄደ። ለአንበጣ እናት አዲስ በር ሊገጥምላት ነበር፤ ደህና እንጨት፣ ባለ ሁለት ማጠፊያ። ቱምቢውን ጥሎ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቀጥ ማለቱን አየ። በሩን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገው፤ ድምፅ አያሰማም። ሴትየዋ እንደ ልጅ ከውስጥ ትዘጋለች፣ ከውጭ ትከፍታለች።

"እድሜ ይስጥህ! እድሜ ይስጥህ!"

"ይሄ ቤት ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል" አላት አባቴ ሻዩን ፉት እያለ።

ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻዬን ለካች፤ ከትርፍ ጨርቋ ቀሚስ ልትሰፋልኝ። "አድገሻል" አለችኝ። እኔ ግን በልቤ "ፈሪ" አልኳት። በዚያ ዕለት ስለ መነሣት አንዲት ቃል አልተነገረም። እኔ ስላለሁ ይሆናል አልኩ።

ዝናቡ መጣ። ቀን ከሌት፣ ማባሪያ የሌለው ዝናብ። ክፍል ውስጥ የማባዛት ሰንጠረዥ እየደገምን ሳለ ከሩቅ የሆነ ነገር ሲያጓራ ሰማን። ነጎድጓድ መሰለን። ግን ነጎድጓድ ያልቃል፤ ያኛው አላልቅ አለ። ከዚያ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አስተማሪያችን ጠመኔውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ወደ ገደሉ አዩና፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንበጣ በመካከላችን ዘላ ወጣች። ስሟን እየጠራሁ ተከተልኳት።

አዲሱ ሰፈር አልነበረም። ገደሉ ላይ አዲስ፣ ነጣ ያለ ጠባሳ ተከፍቷል፤ ከሱ ሥር ጭቃና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው ያለው። ቤቱ የት እንደነበር አንበጣ እንኳ መለየት አቃታት፤ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰች "እዚህ ነው፣ አይ እዚህ ነው" ትላለች።

አባቴ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ነበር። አካፋ አልያዘም። በእጁ ነበር የሚቆፍረው። ጥፍሮቹ ተነቅለው ደሙ ከጭቃው ጋር ሲደባለቅ አይቻለሁ። ሰዎች ሊይዙት ሲሞክሩ እየወረወራቸው፣ "ልቀቁኝ! ልቀቁኝ!" እያለ እንደ እብድ ይጮሃል። እንደዚያ ያለቀሰ ወንድ አይቼ አላውቅም። የአንበጣን እናትና ሕፃኑን ያወጣቸው እሱ ነው። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር።

በዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ በአባቴ ኮራሁ። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ነበር፤ ኮራሁ።

አንበጣን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤታችን አመጣት። "ከዛሬ ጀምሮ የኔ ልጅ ናት" አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ መረቀው። እናቴ ከራሷ ጋር አስተኛቻት። መጀመሪያ "ጋሼ" ትለው ነበር፤ እየቆየች "አባዬ" አለችው። እሱም ከእኔ አስበልጦ ያያታል ሲባል እሰማ ነበር፤ አልቀናሁም። ሳህኑ ላይ ያለውን ሥጋ ለእሷ ያነሣላታል። ሲድራት ያለቀሰው ለቅሶ እኔን ሲድረኝ ካለቀሰው ይበልጣል። የመጀመሪያ ልጇን በአባቴ ስም ጠራችው።

ስለ ናዳው በቤታችን ብዙ አይወራም ነበር። ከተነሣም አባቴ "የፈጣሪ ሥራ ነው" ይላል፤ እናቴ አንገቷን ትደፋለች። እናቴ ሳልታረቃት ሞተች። መጣላታችንን እንኳ አታውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሷ ራቅ የምለው ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ "ምንም" እላታለሁ። በሽታው ሲጠናባት አስታመምኳት፤ ግን እንደ ባለሙያ ነው ያስታመምኳት። አንዲት የምወዳትን ሴት ከቤቴ አባርራብኛለችና።

እኔ የዐይን ሐኪም ቤት ነርስ ሆንኩ። ካቻምና፣ የሞራ ቀዶ ጥገና ወረፋ ከያዙት መካከል ለአንዲት አዛውንት ዐይናቸው ላይ ጠብታ ሳደርግላቸው፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ያለችውን የአበባ ማሰሮ ጠጠር በጣታቸው አንሥተው አሹት፤ ከዚያ ማንም ያላያቸው መስሏቸው በምላሳቸው ጫፍ ነኩት።

ጠብታውን አስቀመጥኩ። "እርስዎ የድንጋይ ሐኪሟ ነዎት" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ፈልገው ያዙኝና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። እኔ እጄን ሰጠኋቸው እንጂ ልቤን አልሰጠሁም። "ሳይሰናበቱኝ ሄዱ" አልኳቸው። የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ በነጭ ጋዎን ቆሜ፣ እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር የተናገርኩት።

"እንዴ! አባትሽ አልነገረሽም? 'ሚስቴ ሰው ያወራባታል፣ ቅር ብሏታል፤ ዛሬውኑ ብትለቂልን' ብሎ ለመነኝ እኮ። ከትምህርት ቤት እስክትመጪ ልጠብቅ አልኩት፤ 'ታለቅሳለች፣ ተይ' አለኝ። መስታወቱን ሰጠሁት። አለሽ?"

"አልደረሰኝም።"

ውስጤ የሆነ ነገር መንሸራተት ጀመረ።

"እነዚያን ሰዎች ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳኋቸውም" አሉ ቀጥለው። "እኔ ራሴ ቤት ለቤት ዞሬ መናገር ነበረብኝ። አባትሽ 'እኔን ያምኑኛል' ሲለኝ ልክ ነው አልኩ። ናዳውን በሬዲዮ ስሰማ ደወልኩለት። 'ለመንኳቸው፣ አንድ በአንድ ለመንኳቸው፣ እንቢ አሉኝ' ብሎ በስልክ አለቀሰ። ምስኪን። እንግዲህ እሱ ስንት ይለምናቸው?"

ከላይ ያለው። ይወርዳል። ሥሩ ርሷል። ሰዎቹ መነሣት አለባቸው።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለአንበጣ እናት የገጠመላትን በር በሐሳቤ አየሁት፤ ባለ ሁለት ማጠፊያውን። ሻዩን ፉት እያለ "ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል" ሲላት ሰማሁት። ያን ቀን ስለ መነሣት አንዲት ቃል አለመናገሩን ያየሁት እኔ ነበርኩ። ሳይነግራቸው "ነገርኳቸው" ብሎ ለሚስቱ ዋሸ፤ በሚስቱ ስም ሐኪሟን አባረረ፤ እኔን ደግሞ ከእናቴ ጋር አቃቃረኝ። ሁላችንንም ለየብቻ አንድ አንድ ውሸት አሸክሞ፣ እርስ በርስ እንዳንነጋገር አድርጎ አኖረን። እናቴ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር ሳትሠራ፣ ይቅር ሳልላት ቀበርኳት።

ለአዛውንቷ እውነቱን ልንገራቸው አልንገራቸው ብዬ አመነታሁ። ነገርኳቸው። ጠብታው ይሁን ሌላ፣ እንባቸው በሁለቱም ጉንጫቸው ወረደ። "አመንኩት እኮ" አሉ። "አየሽ፣ አመንኩት።"

ቅዳሜ ጧት አባቴ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ ነበር። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ተደርጎለት፣ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኗል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ አንበጣ ነበረች የምትላጨው፤ ከሥራ በፊትም ቢሆን መንገዷን አቆራርጣ ትመጣለች። እኔን አያስነካኝም፤ "የእሷ እጅ ቀላል ነው" ይላል። አንደኛውን ጉንጩን ላጭታ ጨርሳ ነበር። አንበጣ ስታየኝ "መጣሽ? ነይ አባዬን ዝም በል በይልኝ፣ እያወራ ሊቆረጥብኝ ነው" አለች።

ለብቻዋ ልንገራት እችል ነበር። ግን ከእኔ አፍ ከሰማችው፣ ከንቱ ተስፋ ይቀርላታል፤ "ምናልባት ተሳስታ ይሆናል" የሚል። ከራሱ አፍ ትስማው አልኩ።

"አባዬ፣ የድንጋይ ሐኪሟን አገኘኋት።"

አረፋው ውስጥ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። "በሕይወት አለች?"

"አለች። ለሰዎቹ ነገርካቸው?"

"የትኞቹን ሰዎች?"

"አባዬ።"

አንበጣ ምላጩን ከፊቱ አራቀች። "ምንድን ነው?" አለች። እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው።

"እሱ ይንገርሽ" አልኩ።

የግቢው ዛፍ ላይ ወፎች ይጮኻሉ። አባቴ ጉልበቱን እያየ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ተናገረ። "ገደሉ እንደሚናድ ነግራኝ ነበር። ይቺ አንድ ዝናብ ትለፍ አልኩ። ቤቶቹን ሰው ከፍሎባቸዋል፤ ገንዘቡ ድንጋይ ሆኗል፣ ግንብ ሆኗል። ብናገር ከዚያ በኋላ ማን ግንበኛ ይለኛል? ዝናቡ ሲያባራ ቀስ ብዬ አስነሣቸዋለሁ አልኩ። ቀስ ብዬ።"

"በሩን የገጠምክልን ቀን" አለች አንበጣ። "ያን ቀን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እናቴ ሻይ ስትሰጥህ።"

"አውቅ ነበር፣ ልጄ። አሳደግኩሽ። እንደ ዐይኔ ብሌን ነው ያሳደግኩሽ። ምስክር አለኝ።" እጁን ዘረጋ።

አልያዘችውም። ለጥቂት ጊዜ ቆማ ምላጩን አየችው። እውነቱን ለመናገር እኔ ፈራሁ፤ እሱም የፈራ ይመስለኛል፤ ዐይኑን ጨፈነ፣ አንገቱንም አቀናላት።

"ቀና በል" አለችው።

የቀረውን ጉንጩን ላጨችው። ቀስ ብላ፣ እንደ ወትሮው፣ ቆዳውን በጣቷ ወጠር እያደረገች። አገጩን፣ ከአገጩ ሥር፣ ጉሮሮውን። ከጆሮው ኋላ የቀረውን አረፋ በሙቅ ውሃ ጠረገችለት። ምላጩን አጠበች፣ ውሃውን አትክልቱ ላይ ደፋች፣ ፎጣውን አጥፋ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠለች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች።

ደረጃው ላይ ወደ እኔ ዞረች። "እማዬ ታውቅ ነበር?"

"ለእናቴ 'ነገርኳቸው' ብሏት ነበር። እንዳመነችው ሞተች።"

"እሺ" አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልረገጠችም። እኔ ቤት ትመጣለች፤ ልጆቿን ታመጣለች፤ ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጉንፋን እናወራለን። ትልቁን ልጇን አሁን በቅጽል ስሙ ነው የምትጠራው። ስለ አባቴ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሣባትም።

የምላጨው አሁን እኔ ነኝ። እጄ ከባድ ነው፤ እቆርጠዋለሁ፤ አይናገርም። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር፣ አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ አንገቱን ያዞራል። ባለፈው ሳምንት ስላጨው "መጣች እንዴ ቤትሽ?" አለኝ።

"መጥታ ነበር።"

"ስለ እኔ ምን አለች?"

"ምንም።"

"አልተሳደበችም?"

"አልተሳደበችም።"

"ብትሳደብ ይሻል ነበር" አለ።

"አታውራ፣ እቆርጥሃለሁ" አልኩትና አገጩን ይዤ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት።